የሙሀመድሰይድ ቴፕና የፈሪሀ ለቅሶ

አባቴ ሙሀመድሰይድ ኮቦ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ስኳርና የባትሪ ድንጋይ ይሸጥ ነበር። የተወለደበትን ዓመት በእርግጠኝነት መጻፍ አልችልም። የቀበሌ መታወቂያው አንድ ዓመት ይላል፤ የንግድ ፈቃዱ ሌላ ይላል፤ እሱ ራሱ ሲጠየቅ «አንበጣ የመጣ ጊዜ ነው» ይል ነበር። በራያ ቆላ አንበጣ ስንት ጊዜ እንደመጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ መልስ አይደለም። የሞተበት ቀን ግን አያከራክርም። ጥር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ቤታችን የመጣው ሰው ስለ ሱቁ አላወራም። ሁሉም ያወራው ስለ ቴፑ ነው። ስለዚህ እኔም ስለ ቴፑ እጽፋለሁ። ነገሩ ሲሆን ወልድያ ተማሪ ነበርኩ፤ በዓይኔ ያየሁት የለም። በቦታው የነበሩትን ጠይቄ የተስማሙበትን ወስጃለሁ፤ ያልተስማሙበትንም አልደበቅሁም።

ቴፑን ከጅዳ ያመጣለት ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ደርግ በወደቀ በዓመቱ። ወርዱ ከአንድ ክንድ ይበልጣል። ሁለት ካሴት ጎን ለጎን ይጎርሳል፤ አራት ስፒከር አለው፤ ስምንት ትልልቅ ድንጋይ ይበላል። አባቴ ድንጋይ ሻጭ ባይሆን ኖሮ ሊቀልበው አይችልም ነበር። ሰው «አውራው» ብሎ ይጠራው ጀመር፤ እሱም ስሙን አልተቃወመም።

በዚያ ዘመን ከጎብዬ እስከ ዋጃ በየከተማው አንድ ሁለት ስም ያለው ቴፕ ነበር። ሰርግ ሲኖር የሚጠራው እሱ ነው። የማን ቴፕ ይበልጣል የሚለው ክርክር ሻይ ቤት ተጀምሮ ጫት ላይ ይቀጥላል። አንዱ ድምፁ እስከ የት እንደሚሰማ ለማወቅ ወደ ወፍጮ ቤቱ እየተራመደ ያዳምጣል። ሌላው የሻይ ብርጭቆ ቴፑ ጀርባ ላይ አስቀምጦ ሻዩ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል። የአባቴ መለኪያ ውፍረት ብቻ ነበር። ጥሩ ቴፕ ማለት ወፍራም ድምፅ ያለው ቴፕ ነው፤ የቀረው ለሱ ጩኸት ነው።

ከመንገዱ ማዶ ልብስ የሚሰፋው ፈንታው ባለ አንድ ስፒከር ትንሽ ቴፕ ነበረው። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ሰላምታቸው ይህ ነበር፦

«ፈንታው፣ ያቺ ትንኝህ አደረች?»

«አድራለች። ያንተ በሬስ ቆመ ወይስ እንደተኛ ነው?»

«በሬ የሚያስፈልገው ማሳ ላለው ሰው ነው። አንተ በትንኝህ ቆይ።»

አውራው በመጣ በሁለተኛው ዓመት ውስጡ ያለው ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘው ላስቲክ በኮቦ ሙቀት ረግቦ ተበጠሰ። ምትክ ኮቦም ወልድያም አልተገኘም። አባቴ ከብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ በቦታው አስገባ። ቀጭን ቢለውም ከመጀመሪያው ላስቲክ ይወፍራል፤ ሞተሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቴፑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሆነ ዛሬ መለካት አይቻልም። አባቴ የሰማው ድምፁ መወፈሩን ብቻ ነው፤ በዚህም ደስ አለው። ከተማውም ደስ አለው። ለአራት ዓመት ያህል የኮቦ ሰው ዘፈን ሁሉ ከበድ፣ ዘግየት ብሎ ሲሰማ ኖረ። ያው ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ቀጥኖ ፈጥኖ ይሰማል፤ ሰው ያን ጊዜ የሚወቅሰው ሬዲዮኑን ነበር። አባቴ «ዘፋኞቹን እያጣደፏቸው ነው» ይል እንደነበር ፈንታው ይመሰክራል።

ቴፑ ከሰርግ ሌላ አንድ ሥራ ነበረው። ወደ ጅዳና ወደ ሪያድ ለሰው ቤት ሥራ የሄዱ ልጆች ለወላጆቻቸው ደብዳቤ የሚልኩት በካሴት ነው። ማንበብ ለማይችል እናትና አባት የሚቀለው ይህ ነው። ካሴት የመጣለት ሰው ወደ አባቴ ሱቅ ይሄዳል፤ አውራው በረንዳው ላይ ይወጣል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ልጅቱ ትናገራለች። የሁሉም ልጅ ድምፅ ወፍሮ ይሰማ ነበር። ወላጆች በዚህ አልተጨነቁም። «አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቷታል፤ ድምፅዋ እንኳ ሥጋ አውጥቷል» ብለው ይመርቁ ነበር። ወደ ጅዳ የሄደ አንድ ቀጭን ወጣት በካሴቱ የወረዳ ሹም መስሎ በመናገሩ አባቱ ሰፈር ውስጥ ይበልጥ መከበሩን ሁለት ሰዎች ነግረውኛል።

በ1989 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ራህመት ከጅዳ ተመለሰች። የእኛው ሰፈር ልጅ ናት። ይዛ ከመጣችው ዕቃ መሀል ለኡሙሃኒ የተላከ ካሴት ነበር። ኡሙሃኒ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ያለቻት ልጅ ፈሪሀ ብቻ ናት፤ ጅዳ ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ እስከዚያ ካሴት ልካ አታውቅም። ፈሪሀን ሰፈሩ የሚያውቃት በድምፅዋ ቅጥነት ነው። ከውኃ ቦኖው ስትጣራ ፊቷን ሳያይ የማይለያት አልነበረም። ካሴቱ ላይ መጀመሪያ ራህመት ሰላምታ ትሰጣለች፤ ቀጥሎ ፈሪሀ ትናገራለች።

አባቴ አውራውን አወጣ። ራህመት በቴፑ ሰላም አለች፤ እሷው ራሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስለነበር ለካሴቱ ድምፅ ጆሮ የሰጠ የለም። ከዚያ የፈሪሀ ተራ መጣ። ኡሙሃኒ ጥቂት ሰምታ እጇን አነሣች።

«ዝጋው።»

«ምነው? ገና ነው እኮ» አላት አባቴ።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም። ይቺ ሌላ ሴት ናት።»

«እማ ኡሙሃኒ፣ ፈሪሀ ናት!» አለች ራህመት። «አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የቀዳችው። ወላሂ ደህና ናት።»

ኡሙሃኒ ራህመትን ብዙ አየቻት። «ደህና ናት በይ ብለውሽ ነው። አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጅ ነሽ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይህን ለማያውቅ ሰው እብደት ሊመስል ይችላል። በእኛ ዘንድ ባሕር ማዶ የሞተ ሰው ወሬ እንዲሁ አይነገርም። ወሬውን የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል፤ ቤተሰቡ ቢጠይቀው «ደህና ነው» ይላል። ሽማግሌዎች መክረው፣ ተሰብስበው፣ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩተው መርዶውን እስኪናገሩ ድረስ እንዲህ ነው። ይህን ሥርዓት የምታውቅ እናት ፊት «ደህና ናት» የሚል ምስክር በበዛ ቁጥር ነገሩ ይብስባታል። በዚያ ሳምንት ለኡሙሃኒ «ልጅሽ ደህና ናት» ያላላት ሰው አልነበረም። ስልክ ለመደወል የአሠሪዎቹን ቁጥር የሚያውቅ የለም።

ኡሙሃኒ አላለቀሰችም። ቤቷን ጠረገች፤ ሰሌን ተዋሰች፤ በየማለዳው በር ከፍታ ሽማግሌዎቹን መጠበቅ ጀመረች። ሳይመጡ ሲቀሩ ትበሳጫለች። የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ በድረዲንን መንገድ ላይ አግኝታ ስትናገራቸው ብዙ ሰው ሰምቷል።

«ሼህ በድረዲን፣ መቼ ነው የምትመጡት?»

«የት ነው የምመጣው?»

«እኔ ቤት ነዋ! ሰሌኑ የሰው ነው። ባለቤቶቹ ይፈልጉታል።»

«ኧረ አላህን ፍሪ፣ ልጅሽ ደህና ናት።»

«ይበሉ እሺ። ሲመችዎት ይምጡ» ብላ አለፈች።

ሼህ በድረዲን ይህ ነገር በሽምግልና ካልሆነ እንደማይቋጭ ገባቸው። አባቴንና ፈንታውን ጠርተው መከሩ። ሦስት የታመነ ሰው በአንድነት ሄዶ፣ ቁርጥ አድርጎ፣ ልጅቱ በሕይወት አለች ብሎ ቢነግራት ታምናለች ተባለ። ችግሩ ሰዓቱ ነበር። ሼህ በድረዲን ረፋዱ ላይ አላማጣ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ነበራቸው፤ ፈንታው ለሰርግ የሚያደርሰው ልብስ ነበረው። ስለዚህ ማልደው እንዲሄዱ ተስማሙ። ሦስቱም ሥርዓቱን ያውቃሉ፤ ሦስቱም በሕይወታቸው መርዶ ነግረዋል። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም ምን እየሠሩ እንደሆነ አላሰበም። ይህን ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ።

ገና ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው የኡሙሃኒ በር ላይ ቆሙ። ከፈተች። አየቻቸው።

«መጣችሁ» አለች።

ሼህ በድረዲን «ፈሪሀ ደህና ናት» ብዬ ጨርሻለሁ ይላሉ። ፈንታው «ፈሪሀ» ከምትለው አላለፉም ይላል። አባቴ ደግሞ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው ኡሙሃኒ የጮኸችው ይል ነበር። ሦስቱም የሚስማሙት ጩኸቱ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው መሰማቱን ነው።

ፀሐይ ሳትሞቅ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ረፋዱ ላይ ዳስ ተጣለ፤ ንፍሮ ተጣደ፤ ፍየል ተገዝቶ ታረደ። ቀትር ላይ የጎብዬና የሮቢት ዘመድ በአውቶቡስ ደረሰ፤ ከዋጃም መጡ። ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። አባቴ ዳሱ በር ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ «አልሞተችም፤ ስህተት ነው» ይል ነበር። ከሮቢት የመጡ አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት።

«አይዞህ ልጄ። እኛንም መጀመሪያ እንዲህ ያደርገናል።»

ራህመት ስትምል ውላ ድምፅዋ ሊዘጋ ደርሷል። ኡሙሃኒ መሀል ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታ በመጨረሻ ቀና አለች።

«ራህመት፣ ቃልሽን አልፈልግም። ቃልሽን አስረውብሻል። ድምፅሽን ነው የምፈልገው። ካሴቱ ላይ አንቺም አለሽ አይደል? ቴፕ አምጡ። ራህመትን አጠገቡ አቁሟት። ቴፑ ራህመትን ራህመት ካደረጋት፣ ልጄንም ልጄ ያደርጋታል። ያን ጊዜ ሌላ ሴት ከሆነች፣ ሌላ ሴት ናት፤ ለቅሷችሁን ቀጥሉ። ቴፕ ሽማግሌ አይመክረውም።»

ለቅሶ ቤት ቴፕ ይገባል ወይ የሚለው ጥቂት አከራከረ። ሼህ በድረዲን «ዘፈን ከሆነ ነውር ነው፤ ምስክር ከሆነ ይግባ» ብለው ፈረዱ። አውቶቡሱ ካመለጣቸው ቆይቷል።

መጀመሪያ የገባው አውራው ነው። አባቴ ራሱ ተሸክሞ አመጣውና ሰሌኑ ላይ አስቀመጠው። ራህመት አጠገቡ ቆማ ካሴቱ ላይ ያለውን ሰላምታ በአፏ ተናገረች፦ «አሰላሙ አለይኩም፣ እኔ ራህመት ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።» ከዚያ ቴፑ ተናገረ። ከኋላ አንድ ሰው፣

«እንዴ፣ ይሄ የራህመት አያት ናቸው እኮ» አለ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ተሳቀ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ኡሙሃኒ አልሳቀችም።

«ቴፑ ምንም አልሆነ» አለ አባቴ። «ራህመት ናት የተለወጠችው። መንገድ አድክሟታል፣ ድምፅዋ ቀጥኗል።»

«ጋሽ ሙሀመድሰይድ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ይኸው ነኝ!»

የፈንታው ቴፕ ተከተለ። እዚህ ላይ ራህመት ትንሽ ፈጠነች፤ የጫጩት ዓይነት ድምፅ አወጣች። ምክንያቱን ያወቀ የለም። አባቴ ዘና አለ። «ትንኝ ናት ብዬህ አልነበረም?»

«ከበሬ ትሻላለች» አለ ፈንታው።

«አንዱ ወንድ አደረጋት፤ አንዱ ጫጩት አደረጋት» አለች ኡሙሃኒ። «ሌላ ቴፕ የለም?»

ከዚያ ከዋጃ የመጣው መንሱር ጉሮሮውን ጠረገ። መንሱር ከአፋር ወገን ጨው እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የትም ሲሄድ ቴፑን ጭኖ ነው የሚሄደው። ወደ ለቅሶም ይዞት መጥቶ ነበር፤ ነውር ስለሆነ ግን በጋቢ ጠቅልሎ ከበር ውጭ ከጫማው ጋር አስቀምጦታል። ሄዶ አመጣው። ጋቢውን ሲፈታ ቀና ብሎ ሰው አላየም።

ኡሙሃኒ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ራህመት ተናገረች። ከዚያ እንደገና ሰላምታው ተሰማ።

«ራህመት፣ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ አትድገሚው» አለች ኡሙሃኒ ከነጠላው ውስጥ። «ቴፑን ክፈቱት እንጂ።»

«እማ፣ እኔ አልተናገርኩም» አለች ራህመት። «ቴፑ ነው።»

ኡሙሃኒ ነጠላዋን ገለጠች። ራህመትን አየች፤ ቴፑን አየች። መንሱር ካሴቱን ወደ ፊት አስኬደው።

ፈሪሀ ተናገረች። ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ከውኃ ቦኖው መንገድ የሚያውቀውን ያን ቀጭን ድምፅ ሰማ። «እማ፣ እኔ ደህና ነኝ። ያቺ ቀይ ፍየል ወለደች ወይ? ወገብሽን ምን አደረገሽ? ደግሞ ድምፄን ሰምተሽ እንዳታለቅሺ፤ ሰው ይሰበሰብብሻል።»

ኡሙሃኒ ዙሪያዋን የተሰበሰበውን ሰው አየች።

«እሷ ናት» አለች።

ከዚህ በኋላ ነው ያለቀሰችው። በዚያ ለቅሶ ላይ መጀመሪያ እንባዋ የወጣው ያን ጊዜ መሆኑን አምስት ሰዎች ነግረውኛል።

ስትረጋጋ ወደ አባቴ ዞረች። «ሙሀመድሰይድ፣ ልጄን ምን አድርገህብኝ ነው?»

አባቴ ቴፑ አርጅቷል ሊል ይችል ነበር፤ ማንም ውስጡን አያውቅም። ካቻቢቴ አስመጣ። አውራውን በሰው ሁሉ ፊት ፈታታው፤ የካላማዳሪያውን ቀለበት አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረገው።

«ይሄ ነው» አለ። «የብስክሌት ጎማ ነው። ድምፅ ያወፍራል ብዬ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ሼህ በድረዲን።

«ወንድሜ ቴፑን ካመጣው በሁለተኛው ዓመት።»

ሰው ወደ ኋላ ማስላት ጀመረ። ከጎብዬ የመጡ አንዲት እናት ቀስ ብለው «እንግዲያማ የኔ ልጅ አልወፈረችም?» አሉ። የዚያ ወጣት አባት፣ ልጁ በካሴት የወረዳ ሹም የሚመስለው፣ ተነሥቶ ወጣ።

ንፍሮው በስሎ ነበር፤ ተበላ። የታረደውም ፍየል ወደ ሰደቃ ዞረ፤ ሼህ በድረዲን የምስጋና ዱዓ አደረጉ። ቆይተው ከሩቅ የደረሱ ዘመዶች ከዳሱ ውጭ ጀምሮ እያለቀሱ ስለሚገቡ እነሱን ለማስቆም ፈንታው መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። አንዳንዶቹ ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ መቀመጥ ደስ አላላቸውም።

ኡሙሃኒ እዚያው መልስ እንዲቀዳላት ጠየቀች። በመንሱር ቴፕ ተቀዳ። ፈሪሀ በ2001 ዓ.ም. ስትመለስ ካሴቱን ይዛው መጥታ ለእኔ ሰጥታኛለች፤ ስለዚህ ቃሉን እንዳለ መጻፍ እችላለሁ። ኡሙሃኒ እንዲህ ትላለች፦ «ፈሪሀ፣ ሞተሽ ነበር። አሁን ግን ደህና ነሽ። ከሮቢት ሳይቀር መጥተው አልቅሰውልሻል፤ ስትመጪ ዞረሽ ማመስገን አለብሽ። ፍየሏ መንታ ወልዳለች። አንዱን ለለቅሶሽ አረድነው የሚሉ አሉ፤ አትስሚያቸው፤ የገዛነው ነው። ሁለተኛ ስትናገሪ ጮክ በይ።»

አባቴ ላስቲኩን መልሶ አላስገባውም። ካሴት ይዞ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ዋጃ፣ መንሱር ጋ ሂድ» እያለ ይልክ ጀመር። አውራው ሱቁ ውስጥ ላዩ ላይ ሳሙና ተደርድሮበት ቆየ። ፈንታው ለብዙ ጊዜ ምንም አላለውም፤ ይህን ነው አባቴ ያልወደደው።

የአባቴ ድምፅ ያለበት ሌላ ካሴት ፈልጌ አላገኘሁም። በዚህኛው መጨረሻ ላይ፣ ኡሙሃኒ ከጨረሰች በኋላ፣ «ፈሪሀ፣ ሙሀመድሰይድ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል፤ ከዚያ ይዘጋል። ባለፈው ወር ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ከየቤቱ ለምኜ፣ በሦስት ቴፕ ሰማሁት። በሦስቱም የተለያየ ሰው ነው። የመንሱር ቴፕ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሦስቱንም ተሸክሜ ኡሙሃኒ ቤት ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። በተራ በተራ አሰማኋት። ቀጭኑ ላይ ስትደርስ እጇን አነሣች።

«እሱ ነው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«አባትህ ድምፁ ወፍራም አልነበረም» አለች። «እንዲሆንለት ነበር የሚፈልገው።»